የሞተር ዘይት ግፊት፦ መለኪያው የሚነግረንና የማይነግረን

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ወንዙ ዘንድ እስኪደርስ 1400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣም ከሞላ ጎደል ያንኑ ከፍታ መልሶ ይይዛል። ሙሉ ጭነት ይዞ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ለሞተር ከባድ የሚባሉትን ሁኔታዎች በአንድ ጉዞ ይቀምሳቸዋል። ረዥም ዳገት፣ የሸለቆው ሙቀት፣ ተደጋጋሚ ፍሬንና ጠባብ ኩርባ ተከታትለው ይመጡበታል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ኩርባ መካከል ቀይዋ የዘይት መብራት ለቅጽበት በርታ ስትጠፋ፣ አሽከርካሪው ‹‹የሽቦ ችግር ይሆናል›› ብሎ ሊያልፋት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የዚያች ቅጽበት ትርጉም ምን እንደሆነ በፊዚክስ ዓይን እንመረምራለን። በቅድሚያ ግን የዘይት ግፊት ራሱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልገናል።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

የዘይት ፓምፕ ቀላል መሣሪያ ነው። በተለመደው ዓይነቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሁለት ጥርሳም መዘውሮች በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው ዘይት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ስለዚህ ፓምፑ የሚያመርተው ፍሰትን እንጂ ግፊትን አይደለም። ግፊት የሚወለደው ፍሰቱ መሰናክል ሲገጥመው ነው። የኤሌክትሪክ ትምህርት የተከታተለ አንባቢ የኦምን ሕግ ያስታውሳል። ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት እንደሆነ ሁሉ፣ የዘይት ግፊትም የፍሰቱና የመሰናክሉ ብዜት ነው ብለን ልንወስድ እንችላለን።

መሰናክሉን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በክራንክሻፍቱና በጋራዥ ባለሙያዎች ዘንድ ብሮንዚና በሚባለው ማቀፊያ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት በአነስተኛ መኪና ሞተር 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ባለ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ፍሰት የክፍተቱን ኩብ ይከተላል። ማለትም ብሮንዚናው ተበልቶ ክፍተቱ እጥፍ ቢሆን፣ በዚያው ግፊት የሚያመልጠው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው የዘይቱ ዝልግልግነት ሲሆን፣ ይህም ከሙቀት ጋር በእጅጉ ይለዋወጣል። 15ደብልዩ-40 በሚል ምልክት የሚታወቀው ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረው ዝልግልግነት በ40 ዲግሪ ከነበረው አንድ ሰባተኛ ገደማ ብቻ ነው። ጠዋት በብርድ 4 ወይም 5 ባር ያነበበ መለኪያ፣ ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ 1 ባር ቢወርድ የማያስደንቀው ለዚህ ነው።

ጭነቱን የሚሸከመው ማን ነው?

ብዙዎቻችን ክራንክሻፍቱን በዘይት ላይ አንሳፎ የሚይዘው የፓምፑ ግፊት ይመስለናል። ቀላል ስሌት ግን ይህን እምነት ያፈርሰዋል። ዲያሜትሩ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን እንውሰድ። ቃጠሎው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ 60 ባር ግፊት ቢፈጥር፣ በፒስተኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበት 30 ሺህ ኒውተን፣ ማለትም ከሦስት ቶን ክብደት ጋር የሚመጣጠን ይሆናል። ይህ ጉልበት በቢየላው በኩል አልፎ 45 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 18 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ብሮንዚና ላይ ቢያርፍ፣ አማካይ ግፊቱ 370 ባር ያህል ነው። መለኪያችን የሚያነበው 4 ባር ነው። አራት ባር ሦስት መቶ ሰባ ባርን ሊሸከም አይችልም።

ምሥጢሩ የተገለጠው በእንግሊዝ አገር ነው። ቦሻምፕ ታወር የተባለው መሐንዲስ የባቡር ዘንግ ማቀፊያዎችን ሲመረምር፣ ለዘይት ማጠጫ ብሎ ከማቀፊያው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ ሲሽከረከር ግን ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ገንፍሎ ይወጣ ጀመር። በቡሽ፣ ቀጥሎም በእንጨት ቢደፍነው ሁለቱንም ገፍቶ አወጣቸው። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት ንባቡ በማቀፊያው ላይ ካረፈው አማካይ ጭነት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ታወር ይህን እ.ኤ.አ. በ1883 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 የሒሳብ ትንታኔውን አቀረበ። ትንታኔው እንደሚያስረዳው ጭነት ያረፈበት ዘንግ ከማቀፊያው መሐል ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ በዚህም በአንድ ወገን እየጠበበ የሚሄድ ሽብልቅ መሰል ክፍተት ይፈጠራል። ከዘንጉ ገጽ ጋር የተጣበቀው ዘይት ወደዚህ ጠባብ ቦታ እየተጎተተ ይገባል፤ መውጫው ስለሚያጥረውም ግፊቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በጎርፍ በተሸፈነ አስፋልት ላይ በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ከመሬት ለቆ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውም ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል ምክንያት ነው። እንግዲህ ጭነቱን የሚሸከመው የፓምፑ ግፊት ሳይሆን፣ ዘንጉ በራሱ መሽከርከር የሚፈጥረው የዘይት ሽብልቅ ነው።

ታዲያ ፓምፑ ለምን ያስፈልጋል?

ፓምፑ ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ከብሮንዚናው ጎንና ጎን ያለማቋረጥ የሚያመልጠውን ዘይት ይተካል። ሁለተኛ፣ በሰበቃ የሚፈጠረውን ሙቀት ጠርጎ ይወስዳል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ወደ ቢየላው ብሮንዚና የሚሄደው ዘይት በክራንክሻፍቱ ውስጥ በተበሳ ቦይ ያልፋል። ቦዩ በዘንጉ መሐል የሚያልፍ ከሆነ፣ ዘይቱ ከዘንጉ ገጽ ወደ መሐሉ ለመግባት ሽክርክሪቱን መቋቋም አለበት። ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት በደቂቃ 3000 ዙር ሩብ ባር ገደማ ሲሆን፣ በ6000 ዙር ወደ 1 ባር ያድጋል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በሚኒሞ በቂ የነበረ ግፊት በከፍተኛ ዙር የማይበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር የሞተሩ ሕይወት ያለው በፍሰቱ ላይ መሆኑን ነው። የመለኪያው ግፊት ፍሰቱ መኖሩን የሚያመለክት ምልክት ነው። ምልክቱን ከነገሩ ጋር ያምታታ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ይመርጣል።

በኩርባና በፍሬን ጊዜ የሚሆነው

አብዛኞቹ መኪናዎች ዘይታቸውን የሚያጠራቅሙት ከሞተሩ ሥር ባለ ገንዳ ነው። ፓምፑ ዘይቱን የሚቀበለው በገንዳው ወለል አጠገብ አፉን በከፈተ ቱቦ ነው። መኪናው ሽምጠጣ ሲኖረው፣ ማለትም ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን ሲለውጥ፣ በገንዳው ውስጥ ያለው የዘይት ገጽ ያዘነብላል። የማዘንበሉ ማዕዘን ታንጀንት የመኪናው ሽምጠጣ ለመሬት ስበት ሽምጠጣ ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው።

አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ሬድየሱ 40 ሜትር የሆነ ኩርባ ቢዞር ሽምጠጣው 0.71 የመሬት ስበት ያህል ነው፤ ዘይቱም 35 ዲግሪ ያዘነብላል። ገንዳው 24 ሴንቲ ሜትር ወርድና 8 ሴንቲ ሜትር የዘይት ጥልቀት ቢኖረው፣ በአንዱ ጠርዝ ዘይቱ ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ለማለት ይገደዳል። ያ ጠርዝ ባዶውን ይቀራል ማለት ነው። የቱቦው አፍ በዚያ በኩል ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል። ዘይቱ ከመጀመሪያው ጎድሎ ከነበረ ደግሞ ከዚህ የለዘበ ኩርባም ይበቃል። በፍሬን ጊዜም ሕጉ ያው ነው፤ መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ የቁልቁለቱ ድርሻ በፍሬኑ ላይ ይደመራል። ፍጥነቱን ሳይለውጥ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ግን ዘይቱ የሚያዘነብለው በመንገዱ ተዳፋት ልክ ብቻ ነው፤ በመቶ ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ይህ 6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አደጋው ያለው በቁልቁለቱ ሳይሆን፣ በቁልቁለቱ ላይ በፍጥነት ገብተን በድንገት በምንይዘው ፍሬን ነው።

እዚህ ላይ ፓምፑ ‹‹ይስባል›› ስንል በልማድ ነው። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለንጹሕ ቱቦና ለሞቀ ዘይት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ማጣሪያ ወንፊቱ በቆሻሻ ለተደፈነና ዘይቱ በብርድ ለወፈረ ሞተር ግን ደጋ ላይ ያለው መተማመኛ የጠበበ ነው።

ፓምፑ አየር ሲገባበት ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፤ አየር በቀላሉ የሚታመቅ በመሆኑ ከዘይት ጋር የተቀላቀለ አረፋም ቢሆን ሽብልቁን ሊሠራ አይችልም። በደቂቃ 4000 ዙር የሚሽከረከር ዘንግ በአንድ ሰከንድ 67 ጊዜ ይዞራል። መብራቷ ለአንድ ሰከንድ ብትበራ ብሮንዚናው ስልሳ ሰባት ዙር በእጦት ተፈትኗል። ከዚህም በላይ በብዙ መኪናዎች መብራቷ የምትበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ገደማ ሲወርድ ብቻ ነው። ሦስትና አራት ባር በሚጠበቅበት ዙር ላይ የበራች መብራት ቀድማ ያስጠነቀቀች ሳትሆን አርፍዳ የተናገረች ናት።

የመሐንዲሶች መፍትሔ

ቀላሉ መፍትሔ ገንዳውን በግድግዳ መከፋፈል ነው። በግድግዳዎቹ ላይ ወደ ቱቦው አፍ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች ሲገጠሙ ዘይቱ መግባት እንጂ መሸሽ አይችልም። ሁለተኛው ግፊት ያለው ዘይት በተለየ በርሜል ማጠራቀም ነው፤ ፓምፑ ሲዘነጋ በርሜሉ ለጥቂት ሰከንዶች ይተካዋል። ሦስተኛውና የተሟላው ደረቅ ገንዳ የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር ተጨማሪ ፓምፖች ወደ ገንዳው የሚወርደውን ዘይት ወዲያውኑ አንሥተው ወደ ረዥም ጋን ይልኩታል፤ የግፊቱ ፓምፕም ከጋኑ ግርጌ ይቀዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረው ፖርሽ 911 በዚህ አሠራር የተሠራ ነበር። በፎርሙላ አንድ ውድድር ሽምጠጣው ወደ 5 የመሬት ስበት ስለሚደርስ ዘይቱ 79 ዲግሪ ያዘነብላል፤ እዚያ ተራ ገንዳ ምንም አይረባም።

ለእኛ መንገድ የሚሆን ትምህርት

የእኛ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ደረቅ ገንዳ አያሻቸውም፤ ነገር ግን የቤተሰብ እንጀራ የተንጠለጠለባቸው ናቸው። ሞተር አንዴ ሲወርድ የሚጠፋው ገንዘብና የሥራ ቀን ብዙ ነው። ካየነው ፊዚክስ የሚከተሉትን እንወስዳለን።

የዘይቱን መጠን ከረዥም ጉዞ በፊት ሜዳ ላይ ቆመን እንለካ፤ ከላይኛው ምልክት አጠገብ ይሁን። ከምልክቱ በላይ መሙላት ግን መፍትሔ አይደለም። ክራንክሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ የሸሸነውን አየር በእጃችን እንጨምራለን።

ግፊቱ የወረደው ብሮንዚናው ተበልቶ ከሆነ፣ ወፍራም ዘይት መጨመር መለኪያውን ያስደስታል እንጂ ሞተሩን አያድንም። ከኦም ሕግ ምሳሌያችን እንደምናስታውሰው መሰናክሉን በመጨመር ብቻ ግፊትን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የተበላው ብረት ግን አይመለስም። ወፍራሙ ዘይት በብርድ ጊዜ ወደ ፓምፑም ሆነ ወደ ሩቁ ብሮንዚና ለመድረስ ይዘገያል። የአምራቹ ምክር ለሙቀቱ ተስማሚ የሆነውን ዓይነት ይገልጻል፤ እርሱን እንከተል።

መብራቷ በኩርባ መካከል ብትበራ ነዳጁን ለቀቅ እናድርግ። ከዚያም አመቺ ቦታ ፈልገን እንቁም፤ ሞተሩን የምናጠፋው ከቆምን በኋላ ነው። በቁልቁለት ላይ እየተጓዙ ሞተር ማጥፋት የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይልን ስለሚያሳጣ ሕይወትን ለአደጋ ይዳርጋል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን ዘይቱን እንለካ። ጎድሎ ከተገኘ እንሙላ። ሞልቶ ሳለ መብራቷ ዳግመኛ ከበራች ግን ‹‹እስከሚቀጥለው ከተማ›› ማለት አይገባም፤ መኪናው ይጎተት።

የትምህርቱን ዋና ክፍል በዓይናቸው ለማየት የሚፈልጉ ተማሪዎች ግልጽ የሆነ ጠፍጣፋ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ቀለም ባለው ውኃ ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙ፤ ከአሽከርካሪው ጎን የተቀመጠ ተሳፋሪም ይያዘው። ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለክተው ታንጀንቱን ቢፈልጉ የመኪናውን ሽምጠጣ ያገኛሉ። ታንጀንቱ 0.5 የሆነበትን የከተማ ኩርባ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ፣ በዚያው ቅጽበት ከሞተሩ ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ዘይቱ የት እንደተሰበሰበ በወረቀት ላይ ሊስለው ይችላል።