ሙሉ አዲስ አበባን ተወው፤ አንድ ታክሲ ይበቃሃል

ስማኝማ፤ ከኋላህ ቆሜ የቪዲዮ ጨዋታ ዕቅድህን አነበብኩት። «ሙሉ አዲስ አበባ፣ 200 ተልዕኮ፣ ግራፊክሱ እንደ ጂቲኤ» ይላል። ሞራልህን ልነካ አይደለም፤ ግን የምትቀናባቸው ሰዎች አሁን ምን ላይ እንዳሉ እየውና ከዚያ ወስን።

ሶኒ ለ«ዘ ላስት ኦፍ አስ» ክፍል ሁለት ያወጣው 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ላይ ቁጥሩን የደለዙት ሰዎች በደንብ ስላልደለዙት ነው። «ስፓይደርማን 2» ደግሞ ወደ 300 ሚሊዮን ተጠግቷል። ብሩ የት ገባ ካልከኝ፣ አብዛኛው ደሞዝ ነው። ስንት መቶ ሰው ለዓመታት ፀጉር፣ ጠጠርና የዝናብ ጠብታ ሲያሳምር ይከርማል።

ታዲያ ይህን ያህል ካፈሰሱ በኋላ ማን ደፍሮ አዲስ ነገር ይሞክራል? የመጀመሪያው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» በ2013 ወጣ፤ በ2014 ታደሰ፤ በ2022 እንደ አዲስ ተሠርቶ በ70 ዶላር ገበያ ገባ። ያው ታሪክ ሦስቴ ተሸጠ ማለት ነው። ሐሳብ ያለው ሠራተኛ ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ከስረው የሚተርፉበት አቅም የላቸውም። የሰው መንገድ መከተልም ቢሆን አያድንም። «ኮንኮርድ» የተባለው የሶኒ ተኩስ ጨዋታ ሌሎች የሄዱበትን መንገድ ይዞ በኦገስት 2024 ወጣ፣ በሁለት ሳምንቱ ተዘጋ፣ ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመለሰ። ስቱዲዮውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ»ን ተጫወትክ? ሉካስ ፖፕ የሚባል ሰው ብቻውን ሠርቶ በ2013 ያወጣው ነው። ድንበር ላይ ትቀመጣለህ፤ ፓስፖርት ታያለህ፤ ማኅተም ትመታለህ፤ አለቀ። ግን ሰልፉ ይረዝማል፣ ሕጉ በየቀኑ ይለወጣል፣ ከተሳሳትክ ከደሞዝህ ይቆረጣል፣ ቤት ደግሞ ልጅህ ታሟል። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሸጧል።

እስቲ አንተም ከከተማው አንድ ሚኒባስ ብቻ አውጣ። ተጫዋቹ ረዳት ይሁን። አንዱ መቶ ብር ሰጥቶ መልስ ይጠብቃል፣ ሌላዋ «ወራጅ አለ!» ትላለች፣ ሹፌሩ ትርፍ ጫን ይልሃል፣ ወደፊት ትራፊክ ቆሟል። ይህን የሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ አያውቀውም፤ አንተ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ስትሳፈርበት ነው ያደግከው።

አሠራሩን ደግሞ ልንገርህ። ጎዶት የሚባለውን የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር አውርድ፣ ነፃ ነው። ተሳፋሪዎቹን ለጊዜው ባለቀለም ሳጥን አድርጋቸው፤ በሳጥን ካላዝናና በግራፊክስም አያዝናናም። እዚህ ሰው የሚጫወተው በስልኩ ነውና ፋይሉ ይቅለል፤ የዳታ ዋጋ ታውቀዋለህ። ከዚያ ለሰፈር ልጆች ስጣቸውና አፍህን ዘግተህ እጃቸውን እይ። የት ጋ እንደሚደናገሩ፣ የት ጋ ስልኩን እንደሚያስቀምጡ ጻፍ። ለማስረዳት አፍህን ከከፈትክ ፈተናውን አበላሸኸው።

ሥራህን እንዳትለቅ ደግሞ! ኤሪክ ባሮን «ስታርዲው ቫሊ»ን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሲሠራ፣ ሲያትል ውስጥ ቲያትር ቤት በትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር። ለእሱ ተሳካለት፤ ስማቸውን ያልሰማናቸው ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም።

ስለዚህ ለታክሲዋ አንድ ወር ስጣት። ልጆቹ «እንደገና!» ካሉህ ቀጥል። ካላሉህ ጣላትና ሌላ ሞክር፤ የከሰርከው አንድ ወር ነው። እነዚያ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ሁሉን ነገር ገዝተው ያጡት እንዲህ በርካሽ መሳሳትን ነው፤ አንተ ጋ ሞልቶ ተርፏልና ተጠቀምበት።