ስለ ዓይን ሞራ ግርዶሽና ስለ ሕክምናው

በድሬዳዋ ከተማችን፥ በከዚራም ሆነ በመጋላ፥ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች «እርጅና ነው» ብለው ከቤት ሲውሉ እናያለን። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት መሠረት፥ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ይህም በአብዛኛው በሕክምና የሚድን ስለሆነ፥ ምንነቱን ልናውቅ ይገባናል።

«ሞራ» የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ከዓይን ላይ የበቀለ ስስ ሽፋን ስለሚመስላቸው፥ በጠብታ ወይም በቅጠል ጭማቂ ሊያነሡት ይሞክራሉ፤ በዚህም ዓይናቸውን ያቆስላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ከብሌኑ በስተኋላ ብርሃንን የሚያሰባስብ የጠራ ሌንስ አለ፤ ሞራ የምንለው የዚሁ ሌንስ መደፍረስ ነው። በውስጥ ያለውን ነገር ከውጭ ማጠብ አይቻልም።

ዋነኛው ምክንያት እርጅና ነው። የስኳር በሽታ፥ ትንባሆ፥ በዓይን ላይ የሚደርስ ጉዳትና እንደ አገራችን ባለ ቆላ ለብርቱ ፀሐይ ዘወትር መጋለጥም ያፋጥኑታል። ስለዚህ በቀትር ባርኔጣ ማድረግ ይጠቅማል።

መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሐኪሙ ዓይንን አደንዝዞ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል፤ በምትኩም ሰው ሠራሽ ሌንስ ያኖራል። ይህን ብልሃት በ1949 እ.ኤ.አ. በለንደን የጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ታካሚውም አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ሳያሽ የታዘዘለትን ጠብታ ያድርግ፤ ሕመም ወይም ቅላት ቢበረታበት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

«ሞራው እስኪበስል ይቆይ» የሚለው ምክር ያለፈ ዘመን ምክር ነው። ዛሬ የዕለት ሥራን ማሰናከል ሲጀምር ይታከማል። እጅግ የቆየ ሞራ የዓይንን ግፊት አንሮ ብርሃንን ፈጽሞ ሊያጠፋ ይችላል።

ይሁን እንጂ የዓይን ፍዘት ሁሉ ሞራ አይደለም፤ ግላኮማ የጎዳው የዓይን ጅማት በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ስለዚህ ዓይናቸው የፈዘዘባቸውን ወላጆቻችንን እጃቸውን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል እንውሰድ። በሕፃን ብሌን ውስጥ ንጣት ከታየ ግን ቀን ሳንቆጥር እናስመርምር፤ የሕፃን ዓይን ማየትን የሚማረው በለጋነቱ ነውና።