ሙቀትን ማመንጨት ወይስ ማጓጓዝ? አሮጌውን የቤት ማሞቂያ ስንተካ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዚያ በብርዱ ወራት ውኃ በረዶ ይሆናል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ወበቁ ያይላል። ስለዚህ በብዙ ቤቶች ጋዝ የሚያነድ ማሞቂያና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ (ኤር ኮንዲሽነር) ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሁለቱ ሲያረጁ ባለቤቱ በአምሳያቸው ሊተካቸው ወይም በሁለቱ ፋንታ አንድ የሙቀት ፓምፕ ሊያስገባ ይችላል። ምርጫው በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስወጣና ለዓመታት የሚዘልቅ ስለሆነ በፊዚክስ ዓይን እንመርምረው።

ጥሩ የጋዝ ማሞቂያ በጋዙ ውስጥ ካለው ኢነርጂ 95 ከመቶ ያህሉን ለቤቱ ይሰጣል። ኢነርጂ ከምንም ስለማይፈጠር ከ100 ሊያልፍ አይችልም። የሙቀት ፓምፕ ግን ሙቀትን ከውጭ ወደ ውስጥ ያጓጉዛል እንጂ አያመነጭም።

«ውጭው ብርድ ሆኖ ሳለ ምን ሙቀት ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት 273 ኬልቪን ነው፤ በዚህም አየር ውስጥ ሞለኪውሎች በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። በቱቦ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ግፊቱ ሲቀንስ ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከአየሩም ሙቀት ወስዶ ይተናል። ኮምፕሬሰሩ ትነቱን ሲጨምቀው ይግላል፤ ቤት ውስጥ ሙቀቱን ለቆ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። የወጥ ቤታችን ፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሙቀቱ ወራት የፍሰቱ አቅጣጫ ሲገለበጥ ያው መሣሪያ ቤቱን ያቀዘቅዛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1852 አቅርቦታል፤ የዙሪክ ማዘጋጃ ቤትም በ1938 ከሊማት ወንዝ ሙቀት በሚወስድ ፓምፕ መሞቅ ጀምሯል።

ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት እናገኛለን? ቤቱ 294 ኬልቪን፣ ውጭው 273 ኬልቪን ቢሆን፣ የካርኖ ሕግ የሚፈቅደው ከፍተኛው ምጣኔ 294 ÷ (294 − 273) = 14 ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ይገኛል። ብርዱ ሲበረታ ምጣኔው ይቀንሳል።

ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ራሱ ከየት መጣ? ከጋዝ ቢመነጭና ከ100 እጅ ጋዝ 43 እጅ ኤሌክትሪክ ቤት ቢደርስ፣ ምጣኔው 3 ሲሆን 129 እጅ ሙቀት እናገኛለን፤ ይህም ከ95 ይበልጣል። ምጣኔው ወደ 2 ቢወርድ ግን 86 ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ፍርዱ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በአየሩ ጠባይና በኤሌክትሪኩ ምንጭም ይወሰናል። ምንጩ ውኃ ወይም ነፋስ ከሆነ ፓምፑ በግልጽ ይመረጣል።

በመጨረሻም፣ ትልቅ መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ከመጠን ያለፈ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚቆም የአየሩን እርጥበት በሚገባ አያስወግድም። ከቤቱ የሚወጣው ሙቀት ከግድግዳው ስፋትና ከሙቀት መጠኑ ልዩነት ጋር ያድጋል። ስለዚህ አስቀድሞ ስንጥቆችን መድፈን፣ ጣሪያውን ሙቀት በማያሳልፍ ቁስ መልበስ፣ ከዚያም የመሣሪያውን መጠን ማስላት ይገባል።

ለአንባቢያን መልመጃ፦ በአዲስ አበባ ሌሊት ውጭው 8፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን የካርኖ ምጣኔ ስንት ነው? ውጤቱን ለ1 ኪሎዋት ሰዓት 1 ብቻ ከሚሰጠው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር አነጻጽሩ።