ድምፅም የሕክምና መሣሪያ ነው

ስለ መርፌና ስለ መድኃኒት አያያዝ በየጊዜው ብዙ ይነገራል፤ በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ ከባለሙያው አፍ ስለሚወጣው ቃል ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ሆኖም በሚገባ ያልተሰማ ትእዛዝ እንዳልተሰጠ መድኃኒት ይቈጠራል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ካለው ገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይከተለዋል፤ ኡኡታውም ይበዛል። ስለዚህ ሕክምናውን የሚመራው ባለሙያ ከጩኸቱ ጋር ሳይፎካከር ረጋ፣ ጥርት፣ አጠር አድርጎ መናገር ይገባዋል።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ደም ለሚፈሳት እናት «አንድ ሰው መርፌ ይስጣት!» ቢባል፣ እያንዳንዱ ሌላው ይሰጣል ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ፦

1ኛ/ ትእዛዝ በስም ይሰጥ፦ «ሲስተር እገሊት፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ይስጧት።»

2ኛ/ ተቀባይዋ ትድገመው፦ «ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ።»

3ኛ/ ሲፈጸም ይነገር፦ «ተሰጥቷል።»

በስም ለመጠራራት አስቀድሞ መተዋወቅ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ያወጣው የቀዶ ሕክምና መቈጣጠሪያ ዝርዝርም ባልደረቦች ቀዶው ሳይጀመር ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያሳስባል።

መድገም አለመተማመን አይደለም። «ሠላሳ» እና «ስድሳ» በጩኸት መካከል ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ መጠኑ ግን እጥፍ ነው። የተጠራጠረ ሠራተኛ አለቃውን አከብራለሁ ብሎ ዝም አይበል፤ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ መጠኑን ይድገሙልኝ» ማለት አክብሮትንም ሕይወትንም ይጠብቃል።

ለበሽተኛዋ ደግሞ ለስለስ ያለ ድምፅ ይገባታል። ዓይኗን ብትከድንም ልትሰማ ትችላለችና ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ እናቴ፤ አሁን መርፌ እንሰጥሻለን» ማለት ፍርሃቷን ያቀልላታል። በራስጌዋ ቆሞ «አለቀላት» ማለት ግን ፈጽሞ አይገባም።

መምህራንና የከተማው ነዋሪዎችም የሚረዱበት መንገድ አለ። ከአጀቡ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ማን እንደታመመ፣ ምን እንዳገኘው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደተደረገለት በተራ ይግለጥ። «ሁለት ሰዓት» ከማለትም «ከምሽቱ» ወይም «ከጧቱ» ብሎ ይለይ። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ሊያለማምዱ ይችላሉ፦ አንዱ ተማሪ መልእክት ይናገር፤ ሁለተኛው ይድገም፤ ሦስተኛው ምን እንደጐደለ ያመልክት። እንዲህ የተለማመደ ልጅ እናቱ በታመመች ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያው ቢላክ መልእክቱን ሳያጐድል ያደርሳል።