የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራው ምንድን ነው?

ቤተ መጻሕፍት የሚለው ስም ከቤት ተነሥቶ ወደ መጻሕፍት ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ይመስላል፤ ስለ ቤተ መጻሕፍት በተወራ ቍጥር አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሕንፃው ነው። ስንት ፎቅ አለው? ስንት ሰው ያስቀምጣል? ስንት መጽሐፍ ይይዛል? እያልን እንጠይቃለን። በዚች ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ በይበልጥ የሚመዘነው ከበሩ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት በሚሄደው መጽሐፍና በውስጡ ያሉት ባለሙያዎች ለሕዝቡ በሚሰጡት አገልግሎት መሆኑን ነው።

አስቀድመን ስሞቹን እንለይ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለተማሪና ለመምህር የቆመ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ያገሩን ጽሑፍ ሰብስቦ ለሚመጣው ትውልድ የሚጠብቅ ነው፤ በአገራችን በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። እንዲህ ያለው ቤት መጽሐፉን ከእጁ ባያወጣ አይፈረድበትም፤ አንዱ ቅጂ ከጠፋ ምትክ ላይገኝለት ይችላልና። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፥ ተማሪውንና ነጋዴውን፥ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ሳይለይ ያለ ክፍያ የሚያገለግል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ ማለት ዩኔስኮ፥ በ1949 ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው መግለጫ ይህን አስረድቷል፤ መግለጫውም ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተሻሽሎ የመጨረሻው በ2022 ወጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በአሜሪካ አገር በኒው ሃምፕሸር የምትገኘው ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ በ1833 ከግብር በተገኘ ገንዘብ ለነዋሪው ሁሉ ነጻ የሆነ ቤተ መጻሕፍት በማቋቋሟ ስሟ ይነሣል። ለኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ነው። በ1850 ዊልያም ዩዋርት የተባሉ የምክር ቤት አባል፥ ከተሞች ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ግብር እንዲያስከፍሉ የሚፈቅድ ሕግ አቀረቡ። ተቃዋሚም አልጠፋም። ኮሎኔል ሲብቶርፕ የተባሉት የምክር ቤት አባል እርሳቸው ራሳቸው ማንበብ እንደማይወዱ፥ በኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉም ንባብን ይጠሉት እንደ ነበረ ተናግረው ተከራከሩ። (የእርሳቸው ወገን በየትምህርት ቤቱ ዛሬም አይጠፋም፤ እርሳቸው ግን በግልጽ በመናገራቸው ይመሰገናሉ።)

ሕጉ ሆኖም አለፈ። ከ10,000 ያላነሰ ሕዝብ ያላት ከተማ፥ ከግብር ከፋዮቿ ሁለት ሦስተኛው ከተስማማ፥ በንብረት ግምት በያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ግማሽ ፔኒ ለማስከፈል ትችላለች ተባለ። ገንዘቡ ለሕንፃውና ለሠራተኛው ይውላል፤ ለመጽሐፍ መግዣ ግን አልተፈቀደም! መጽሐፉን ደጋግ ሰዎች በስጦታ ይሰጣሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ሕጉ እስኪሻሻል አምስት ዓመት ፈጀ፤ በ1855 ግብሩ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ ብሎ መጽሐፍ መግዛት ተፈቀደ። ይህን ስናነብ መሳቃችን አይቀርም። ነገር ግን በየከተማችን ለቤተ መጻሕፍት ግንባታ ገንዘብ ሲዋጣ፥ በያመቱ ለሚገዛው ዐዲስ መጽሐፍ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ስንት ነው? ለምረቃው ሪባን ይቈረጣል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን መደርደሪያው ላይ ያለው ያው የመጀመሪያው ስጦታ ነው፤ ስጦታውም ብዙ ጊዜ ሰጪው የማይፈልገው፥ ተቀባዩም የማያነበው ነው።

ይህን ችግር አስቀድሞ የተመለከተ አንድ ባለጸጋ ነበረ። አንድሩ ካርኔጊ በልጅነቱ የፋብሪካና የቴሌግራም ቤት ሠራተኛ ሳለ፥ ኮሎኔል አንደርሰን የተባሉ ሰው 400 ያህል መጻሕፍታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ስለ ነበረ በዚያ ተጠቀመ። በኋላ በብረት ንግድ ከበለጸገ ወዲህ በገንዘቡ በልዩ ልዩ አገሮች 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠሩ። ሲሰጥ ግን ውል ነበረው። ከተማዋ መሬቱን ትሰጣለች፤ ደግሞም ለሕንፃው ከወጣው ገንዘብ ከመቶ ዐሥሩን እጅ በያመቱ ለሥራ ማስኬጃ ለመመደብ ቃል ትገባለች። ቃሉን የማትገባ ከተማ ሕንፃውን አታገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ማዋስ እንምጣ። በ1852 በማንቸስተር የተከፈተው ነጻ ቤተ መጻሕፍት በዚያ በ1850ው ሕግ ተቋቁሞ መጽሐፍ ለነዋሪው በነጻ በማዋስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ኀላፊ ኤድዋርድ ኤድዋርድስ የግንበኛ ልጅ ነበረ። በመክፈቻው ቀን ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ተገኝቶ ንግግር አድርጓል። ሆኖም በዚያ ዘመን አንባቢው ወደ መደርደሪያው አይቀርብም ነበር። የሚፈልገውን ጠርቶ በመስኮት ይቀበላል። በ1894 ግን ጄምስ ዳፍ ብራውን በለንደን በክለርከንዌል አጥሩን አንሥቶ አንባቢው ራሱ በመጻሕፍቱ መካከል እንዲመላለስ አደረገ። ብዙ የሞያ ጓደኞቹ መጽሐፉ ይሰረቃል፥ ይደባለቃል ብለው ተቃወሙት።

ይህ ክርክር ዛሬም በእኛ ዘንድ አላለቀም። በመስኮት በኩል መጽሐፍ ሲጠየቅ የሚጠቀመው አስቀድሞ የመጽሐፉን ስም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው ግን፥ ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምንሆነው እንዲህ ነው፥ ምን ብሎ ይጠይቃል? መደርደሪያው ክፍት ሲሆን የፈለገውን ለማውጣት የሄደ ተማሪ ከጎኑ ያላሰበውን ያገኛል። ለምሳሌ ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባወጣው አከፋፈል የኢትዮጵያ ታሪክ ቍጥር 963 ነው። ይህን ቍጥር የያዘ ሰው በዓለም ላይ በዚህ አከፋፈል በሚሠራ በማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወዳገሩ ታሪክ ይሄዳል። ጓደኞቻችን ይህችን አንዲት ቍጥር በቃላቸው ቢይዙ አይጐዱም።

መጽሐፍ አውጥቶ ወደ ቤት መስጠት የሚያስፈራው ስለ ምንድን ነው? የባለሙያውን ችግር ሳናይ ብንወቅሰው በደል ይሆናል። መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር በንብረት መዝገብ የሚገባ፥ ሲጠፋም ከተረካቢው ደመወዝ የሚቈረጥ ከሆነ፥ ባለሙያው መጽሐፉን ቈልፎ ቢጠብቅ ምን ይገርማል? ማንም ሳይነካው ዐሥር ዓመት የኖረ መጽሐፍ በቈጠራ ቀን ይገኛል፤ መቶ ሰው ያነበበውና በመጨረሻ የጠፋው ግን ጕድለት ይባላል። ስለዚህ መታረም ያለበት በመጀመሪያ መዝገቡ ነው። መጽሐፍ ሲነበብ የሚያልቅ ዕቃ ስለ ሆነ፥ በያመቱ ከመቶው ይህን ያህሉ ያረጃል ወይም ይጠፋል ተብሎ አስቀድሞ በደንብ ቢወሰን፥ ባለሙያው እጁ ይፈታል። ሕንዳዊው ራንጋናታን በ1931 ባሳተመው መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠው ሐሳብ መጽሐፍ የሚሰበሰበው ለአገልግሎት እንጂ ለጥበቃ እንዳልሆነ ነው። ይህን ሲጽፍ በዕውቀት እንጂ በየዋህነት አልነበረም፤ የሒሳብ መምህር ነበረና።

ለመተማመኛው ደግሞ እኛ አገር የታወቀ ነገር አለን፤ ዋስ ነው። ለሥራ ቅጥር ዋስ የሚጠራ ሕዝብ ለአንድ መጽሐፍ ዋስ መጥራት አይከብደውም። የቀበሌ መታወቂያና አንድ የሰፈር ዋስ ከበቃ፥ በገንዘብ መያዣ ድኻውን ከበር መመለስ አያስፈልግም። የመቀጫ ገንዘብም ቢሆን እንደምናስበው መጽሐፍ አስመላሽ አይደለም። የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ2019 የመዘግየት መቀጫን ካስቀረ በኋላ፥ ለብዙ ጊዜ ሰው ቤት የቀሩ መጻሕፍት በብዛት መመለሳቸውን ገልጿል። ዕዳውን ፈርቶ የጠፋ ሰው ዕዳው ሲቀርለት ይመጣል ማለት ነው።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መምጣት ለማይችለው ሰውስ? በአሜሪካ በሜሪላንድ የዋሽንግተን አውራጃ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበረችው ሜሪ ቲትኮምብ በ1905 መጻሕፍት በፈረስ ጋሪ ጭና ወደ ገበሬዎች በር ላከች። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2005፥ በአዋሳ በአህያ የሚጐተት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት መንገድ ጀመረ። ይህን ያቋቋሙት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። እኒህ ሰው በስደት ወደ አሜሪካ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር። በልዩ ልዩ ቋንቋ የሕፃናት መጻሕፍት ሲፈልጉ ባማርኛ የተጻፈ በማጣታቸው አዝነው ድርጅት አቋቋሙ፤ ወዳገራቸውም ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር በመኖሪያ ቤታቸው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሕንፃ እስኪሠራ አልጠበቁም።

የሕፃናት ነገር ከተነሣ ስለ ንባብ ሰዓት ጥቂት እንጨምር። በሠለጠኑት አገሮች በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት የተወሰነ ቀን ለሕፃናት ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ሰዓት አለ። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያት በእሳት ዳር ተቀምጣ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» የሚሉት ያው ነው፤ የሚለየው መጽሐፉ በመካከል መገኘቱና ሕፃኑ ፊደሉን ከድምፁ ጋራ ማየቱ ብቻ ነው። ቤቱ መጽሐፍ የሌለበት ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፍ የቅጣት ዕቃ እንዳይመስለው ያደርጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ምንጣፍ፥ ዐሥር መጽሐፍና አንባቢ ነው። አንባቢው እኛ ልንሆን እንችላለን፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ከማንኛችንም ትምህርት አያጐድልም።

ከዚህ ሌላ ዘመናዊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነው። ለዓይነ ስውራን በብሬይልና በድምፅ መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን በኮምፒዩተር እንዲጽፍ ይረዳል፤ የሕግ ወይም የጤና ጥያቄ ላለው ሰው የትኛው ጽሑፍ እንደሚረዳው ያመለክታል። የሲያትል ከተማ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የአማርኛ መጻሕፍት ያውሳል። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ በ2018 የተከፈተው ኦዲ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ከመጻሕፍቱ ጋራ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ለሕዝቡ አቅርቧል። አንዳንድ ሰው ይህ ከቤተ መጻሕፍት ሥራ ውጭ ነው ይላል። እኛ እንደሚመስለን ግን ልብስ ሊሰፋ የመጣ ሰው ሲወጣ አንድ መጽሐፍ ይዞ ከሄደ ነገሩ ተሳክቷል።

ኦዲ የቆመው ከፊንላንድ ምክር ቤት ፊት ለፊት ነው። በአራት ኪሎም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንዲሁ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ለፊት ቆሟል፤ በአንድ ጊዜም ከ2,000 ሰው በላይ እንዲያስተናግድ ተሠርቷል። ለከተማው ትልቅ ነገር ነው። ተማሪ ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚሄደው ብዙ ጊዜ ወንበርና ብርሃን ፈልጎ ነው፤ ደብተሩንና ሞጁሉን ይዞ ገብቶ ለፈተና አጥንቶ ይወጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ አምስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩ ልጆች ሌላ የት ያጥናሉ? ነገር ግን ወንበሩን ሁሉ ተማሪ ከያዘው፥ አንድ አናጢ ስለ ሞያው ለማንበብ ቢመጣ የት ይቀመጣል? መጽሐፍ ማዋስ የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው፤ ወደ ቤት የሄደ መጽሐፍ ወንበር አይሻማም።

የቀረን የሰዓት ጉዳይ ነው። በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ያለ ቤተ መጻሕፍት ከመሥሪያ ቤት ጋራ በ11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ከሆነ፥ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ባለሙያዎቹ በፈረቃ ተመድበው በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፥ ቅዳሜና እሑድም ከሰዓት በኋላ ቢከፈት፥ በምትኩም ሰኞና ማክሰኞ ጧት ቢዘጋ፥ ደመወዝ ሳይጨመር ሊሠራ ይችላል።