የበዓል ጥልፍ ጀምሮ ስለ መጨረስና ለመታሰቢያ ስለ ማኖር

ጥልፍ ማለት አስቀድሞ በተሠራ ጨርቅ ላይ በመርፌና በክር መልክ ማውጣት ነው። ከጥበብ ይለያል። ጥበብ የሚባለው ሸማኔው ገና በመሥሪያው ላይ ሳለ የቀለም ክር ከድርና ከማግ ጋር እያዋደደ ከሸማው ጋር አንድ አድርጎ የሚያወጣው ነው፤ ጥልፍ ግን ሸማው አልቆ ከመሥሪያው ከወረደ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። በገበያ ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙዎች ናቸውና መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ይህን ለይቶ ቢያሳይ መልካም ይሆናል። አንድ ባለ ጥበብ ነጠላና አንድ የተጠለፈ ቀሚስ አምጥቶ ውስጣቸውን ገልብጦ ማሳየት ይበቃዋል። ጠለፈ የሚለው ግስ ሰውን በእግር ለማሰናከልም ይነገራል፤ መርፌ የያዘች ልጅ ግን ክር ክርን እንዴት እንደሚይዝ ስታይ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሳይነገራት ታውቀዋለች።

ጥልፍ የሚጀምር ብዙ ነው፤ የሚጨርስ ጥቂት ነው። በየቤቱ ሣጥን ቢከፈት አንድ ወገኑ አብቦ ሌላው ወገኑ በእርሳስ መሥመር ብቻ የቀረ የትራስ ልብስ፣ መርፌው እንደ ተሰካበት የዛገ የመሶብ ልብስ አይታጣም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የሚሠራው ሥራ ሆን ተብሎ ትንሽ ተደርጓል፤ ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ አንድ አደይ አበባ ብቻ ነው። ተማሪው ጨርሶ ለእናት ለአባቱ ይሰጠዋል፤ እነርሱም ለመታሰቢያ ያኖሩታል።

ዕቃውን ለመግዛት ከመርካቶ የተሻለ ቦታ የለም። ከባላገር የሚመጣ መምህር አውቶቡስ ተራ ከወረደ በእግሩ ይደርስበታል። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን በያዙበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከዚያ ለይተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሰፈር አዛወሩት። መርካቶ የሚለውም ስም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ሰዎቹ ሄዱ፤ ስሙ ቀረ። በመርካቶ እያንዳንዱ ዕቃ በየተራው ይሸጣልና እንግዳ ሰው ሱቅ ከመፈለግ ይልቅ ተራውን ቢጠይቅ ፈጥኖ ያገኛል። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራን ይጠይቅ፤ ክርና መርፌ የፈለገ የልብስ ስፌት ዕቃ የሚሸጥበትን ይጠይቅ። ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ ክር በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ዋጋ ይቀነስለታል፤ ቀለሙም በኋላ አይለያይበትም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚገዛ ግን ያንኑ ቢጫ ዳግመኛ ላያገኝ ይችላል።

ለጀማሪ የሚሻለው ጨርቅ ፌልት የሚባለው ነው። ፌልት አይፈተልም፣ በሸማኔም አይሠራም። የበግ ጠጕር በሙቅ ውሃና በሳሙና እየታሸ፣ እየተጫነም እርስ በርሱ ተያይዞ ሲታመቅ የሚገኝ ነው። እያንዳንዱ ጠጕር ላዩ ለዓይን በማይታይ ቅርፊት የተሸፈነ ስለ ሆነ በታሸ ጊዜ አንዱ በሌላው ይነካከሳል፤ አንዴ ከተያያዘም በኋላ አይላቀቅም። የሞንጎል ዘላኖች ድንኳናቸውን የሚሸፍኑት በዚሁ ነው። የመንዝ ባና ከዚያው ከበግ ጠጕር ቢሠራም ተፈትሎ የተሸመነ ነውና ፌልት አይባልም። ፌልት ድርና ማግ ስለሌለው ጠርዙ አይተረተርም፤ ልጁ ቅጠሉን በመቀስ እንደ ወደደ ቢቈርጠው ጠርዙን ማጠፍ ሳያስፈልገው ይሰፋዋል። ሸማ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ብቻ የአንድ ወር ትምህርት ነበረ።

ዛሬ በፌልት ስም የሚሸጠው አብዛኛው ከበግ ጠጕር ሳይሆን ከፕላስቲክ ዘር የተሠራ ነው። ለመለየት ከጠርዙ ጥቂት ቈርጦ በእሳት መፈተን ነው። የበግ ጠጕር የሆነ እንደ ሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ፕላስቲክ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጕብታ ይሆናል። ይህን ፈተና በሱቁ ደጅ የሚያደርግ ሰው ግን ደፋር ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን ያቃጠለውን እሳት የመርካቶ ሰው አልረሳውም። ቍራጩን ለምኖ ወስዶ በማደሪያው ይፈትነው። ገንዘብ ያነሰውም መምህር ሱፍ ልብስ ከሚሰፉ ሰፊዎች ቍርጥራጭ ቢጠይቅ ለቅጠሉ የሚበቃ ያገኛል።

ከውጭ አገር ተሰናድቶ የሚመጣም የጥልፍ ዕቃ አለ። በአንድ ከረጢት ውስጥ ልክ ተደርጎ የተቈረጠ ፌልት፣ በየቀለሙ የተጠቀለለ ክር፣ መርፌና የአሠራሩ ሥዕል ይገኝበታል። ይህን መግዛት ነውር የለበትም፤ ጨርቁም ክሩም ያገለግላል። ሥዕሉ ግን ብዙ ጊዜ ለፈረንጅ ገና የታሰበ ነው፤ በረዶ የለበሰ ጥድና ነጭ ጺም ያለው ቀይ ለባሽ ሽማግሌ ይታይበታል። በረዶ በምድር ላይ ተኝቶ አይቶ የማያውቅ ልጅ ያንን ቢጠልፍ የሚጠልፈው የሌላ ሰው ልጅነት ነው። ሥዕሉን ትቶ በዕቃው አደይ አበባ ይሥራበት። አደይ በመስከረም በየሜዳው ይታያል፤ ልጃገረዶች ይዘውት ይዘምራሉ፤ ወንዶቹም በወረቀት ሥለው ለየቤቱ ያድላሉ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ በአንድነት የሚያውቀው ስለ ሆነ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ከዚህ የሚሻል መልክ አይገኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። መደቡ በየወገኑ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ነጭ ወይም ጥቍር ቀይ ፌልት ይሁን። ከወፍራም ወረቀት 4 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው አንድ የአበባ ቅጠል ይቈረጥ፤ በዚያ ልክ ስምንት ቢጫ ቅጠል በሳሙና ስባሪ እየተሠመረ ይውጣ። ሰፊዎች ልብስ የሚሠምሩት በዚሁ ነው፤ የእርሳስ መሥመር ግን አይለቅም። ለመካከሉ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ከደማቅ ቢጫ ይቈረጣል። ቅጠሉ ሁሉ በመደቡ ላይ ከተደረደረ በኋላ እንዳይንሸራተት በረጃጅም ስፌት ይወስወስ፤ ይህ በኋላ የሚፈታ ነው።

የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለቱን ብቻ ለይቶ መሥራት ይገባል። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይብለጥ። ልጆች መርፌ ዳግመኛ ከመሰካት ሲሸሹ ረጅም ክር ያስገባሉ፤ ክሩም ይቋጠርባቸዋል፤ ጊዜውን ቋጠሮ ሲፈቱ ይፈጁታል። በመጀመሪያ ጠርዙ በየ3 ሚሊሜትሩ እየተወጋ ይዘምዘም። ቀጥሎ በቅጠሉ መካከል የሰንሰለት ስፌት ይውረድ። ይኸውም መርፌው ከታች ወጥቶ፣ ክሩ በአውራ ጣት ተይዞ፣ መርፌው በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ሲገባና ጥቂት ራቅ ብሎ በክሩ ቀለበት ውስጥ ሲወጣ አንድ ሰንሰለት ይሆናል። ክሩን አጥብቆ የሚስብ ልጅ ጨርቁን ያጨማድደዋል፤ የሚያላላም ቀለበቱ በጣት እየተያዘ ይላቀቅበታል። ይህን ልክ ቃል አያስተምረውም፤ እጅ ብቻ ይማረዋል።

ከሚያዝያ መባቻ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቅጠል የሠራ ተማሪ በግንቦት መጨረሻ ስምንቱን ይፈጽማል። ሰኔ ለመካከሉ ክብ፣ ለስሙና ለጀርባው ይቀርለታል፤ ክረምቱም ሳይገባ ሥራው ያልቃል። መምህሩ ተግቶ ሊጠብቅ የሚገባው አራተኛውንና አምስተኛውን ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስነቱ ደስታ ያልፋል፤ የልጁም እጅ ስለ ቀና የመጀመሪያው ቅጠሉ ጠማማ ሆኖ ይታየዋል። አፍሮ ሊፈታው ይፈልጋል። መፍታት የጀመረ ልጅ አንዱን ሲያቀና ሌላው እየጠመመበት ብዙ ጊዜ ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ ጨርቁ እስካልተቀደደ ድረስ አንድም ቅጠል እንዳይፈታ መምህሩ አስቀድሞ ሕግ ያድርግ። ጠማማው የሚያዝያ ቅጠል ከቀናው የግንቦት ቅጠል ጋር በአንድ አበባ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ እንደ ሆነ፣ እናት ከሃያ ዓመት በኋላ አውጥታ ስታየው የልጇ እጅ እንዴት እንዳደገ ታነበዋለች። ሁሉም እኵል የሆነ አበባ ይህን አይናገርም።

አሁን በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ መኪና ለበዓል ቀሚስ በጥቂት ሰዓት ብዙ ጥልፍ ያወጣል፤ የጥበብ አምሳያ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅም ከውጭ ይመጣል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚል ሕዝብ በበዓል ዋዜማ ልብስ ፈጥኖ ቢሻ አይፈረድበትም፤ ዋጋውም ለድኻ ይቀላል። ለመታሰቢያ ግን ያን ያህል አይሆንም፤ የመኪናው ስምንተኛ ቅጠል ከመጀመሪያው ምንም አይለይምና።

አበባው ካለቀ በኋላ ስምና ዓመት ይጠለፍበት። ብዙ ሽማግሎች ይህን ከትዕቢት ይቈጥሩት ይሆናል። ነገር ግን የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ ፍጻሜ የጸሐፊውንና የአስጻፊውን ስም ማስፈር የቆየ ልማዱ ነው፤ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ነው እንጂ ለውዳሴ አይደለም። ስም ያልተጻፈበት ሥራ ምን እንደሚሆን በእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልብስ ይታያል። በአንዳንዶች ዘንድ ጥሩነሽ የሚባሉት እኒህ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት፣ መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች ከተያዘ በኋላ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። በቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚሳቸው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ይገኛል፤ በ2010 ዓ.ም.ም ከመቅደላ ከተወሰዱት ሌሎች ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ ታይቷል። የእቴጌይቱ ስም ከልብሱ ጋር ይነገራል። መርፌውን የያዘችው ወይም የያዘው ማን እንደ ሆነ ግን የሚነገር የለም፤ ያን ሁሉ የሐር ክር ያስገባ እጅ ያለ ስም ቀርቷል። የተማሪው ጥልፍ ወደ ሙዚየም አይሄድም፤ የልጅ ልጁ ግን አያቴ ወይስ የአያቴ እኅት ሠራችው እያለ እንዳይከራከር በአንድ ጥግ ሦስት ፊደልና ዓመተ ምሕረቱ ይበቃሉ።

የጀርባው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የክሩ ጫፍ ቋጠሮ ሳይሆን በተሰፋው ሥር ሦስት አራት ጊዜ ተስቦ ይግባ፤ ቋጠሮ ጨርቁን ያሳብጠዋል። ከዚያ በኋላ በመደቡ ልክ የተቈረጠ ሌላ ፌልት በጀርባው ሆኖ ዙሪያው ይዘምዘም።

የተጨረሰው ሥራ በሙቅ ውሃ ፈጽሞ አይታጠብ፤ ፌልትን የሠራው ሙቅ ውሃና መታሸት ነውና ያው ነገር እንደ ገና ያኰማትረዋል። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማስነካት ይበቃዋል። በግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ሰዎች ፀሐይ የማይመታበትን ወገን ይምረጡ፤ ቢጫ ፈጥኖ ይገረጣል። በሣጥን የሚያኖሩትም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳያጥፉ ያኑሩት። ብል ላብና ቅባት የነካውን ሱፍ ይወዳልና ከመጠቅለሉ በፊት በእጅ ብዙ አይዳሰስ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ የመስከረም ፀሐይ ስትታይ፣ ከሣጥኑ አውጥቶ አራግፎ ጥቂት ሰዓት ነፋስ ማስመታት ነው፤ ያን ጊዜ በሜዳውም አደይ አብቦ ይገኛል።