ወለል ላይ የሚውል በዓል

የእኛ በዓል ድምቀቱ ወለል ላይ ነው። ቄጤማው ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ከሰሉም ዕጣኑም እዚያው ነው። ቡና የምታፈላውም በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ ለዐዋቂ ከጉልበት በታች ሲሆን፣ ገና መራመድ ለጀመረ ልጅ ግን ከዓይኑና ከእጁ ትክክል ነው። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ያሉበትን ቤት ለእንቁጣጣሽ ለማዘጋጀት ሲታሰብ ከመጋረጃውና ከግድግዳው በፊት ወለሉን ማሰብ ይገባል። ሳሎኑ መሐል ቁጭ ብሎ ዙሪያውን በልጅ ቁመት መቃኘት ብዙ ያሳያል፤ የተንጠለጠለው የጠረጴዛ ልብስ፣ ሲሳብ ትኩሱን ወጥ ይዞ የሚወርደው፣ ከዚያ ሆኖ ነው የሚታየው።

ሥራው ሁሉ ዋዜማው ላይ ሲከመር ሽንኩርቱም፣ ዶሮውም፣ ልጁም በአንድ ሰው እጅ ላይ ይወድቃሉ። የምድጃ አደጋ የሚደርሰውም እንዲህ ሰው ሲደክምና ሲጣደፍ ነው። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ልብስም ቶሎ አይደርቅም። መጋረጃውና አንሶላው ጳጉሜን ሳይገባ ቢታጠብ፣ ጽዳቱ ደግሞ በጳጉሜን ቀናት ቢከፋፈል ይሻላል። ለጽዳት የወጣው በረኪና ወደ ውኃ ፕላስቲክ አይገልበጥ፤ የጠማው ልጅ ውኃ መስሎት ይጎነጨዋል። ከጠጣም ለማስታወክ መሞከር ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይሻላል።

ረከቦቱ የት ይቀመጥ? ብዙ ቤት በልማድ በበሩ አጠገብ ወይም መሐል ላይ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ልጅ ባለበት ቤት ማዕዘን እመርጣለሁ። ከኋላ ግድግዳ፣ በጎን ሶፋ ካለ ልጁ መምጣት የሚችለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የምታፈላዋ ፊት ለፊቷ ታየዋለች። ምድጃው ዙሪያ ቄጤማ አይበተን። እርጥብ ሳለ ቶሎ አይያያዝም፣ ከሰዓት በኋላ ሲጠወልግ ግን ፍንጣሪ ይበቃዋል። ጀበናው ከተቀዳበት በኋላ ማቶቱ ላይ ወደ ግድግዳው ይጠጋ። ልጅ ታቅፎ ቡና መቅዳትም መጠጣትም ይቅር፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በጥልቀት ያቃጥላል፣ ከጀበና የሚወርደው ቡና ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይሞቃል።

ልጁ ከተቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ማቆየት ነው፣ ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኖ። ቆዳው ላይ ካልተጣበቀ በቀር ልብሱ ቶሎ ይውለቅ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይቀባ፤ ሙቀቱን ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ለጀርም ያጋልጡታል። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ወይም ቁስሉ ሰፋ ካለ፣ ከውኃው በኋላ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳ፣ ብዙ ጥንቁቅ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጢሱ ሲጠፋና ፍሙ ሲቀላ «አሁን ወጣለት» ብለን እናስገባለን። የወጣለት ግን ዓይን የሚያቃጥለው ጢስ ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከቀላው ፍምም፣ አመድ ከለበሰውም መውጣቱን ይቀጥላል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከዐዋቂ ቀድሞ ይጎዳል፤ ራሴን አመመኝ ማለት ስለማይችል ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ቢበርድም መስኮት ይከፈት፤ ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ ፍም ፈጽሞ አይግባ።

ቄጤማው ውስጥ የሚወድቀውም ይታሰብ። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጡም፤ መተንፈሻው ጠባብ ነው፣ በደንብ አድቅቆም አያኝክም። ለእሱ የድፎ ዳቦው ለስላሳ መሐሉ ይቆረስለት።

ይህን ሁሉ ስል ልጁ ከበዓሉ ይራቅ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሥራ የተሰጠው ልጅ ምድጃ ለመነካካት ጊዜ አያገኝም። የሁለት ዓመቱ አደይ አበባውን ግንድ ግንዱን እየያዘ ወደ ኩባያ ይክተት፤ ኩባያው ፕላስቲክ ሆኖ እሱ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፣ የመስታወቱ ማስቀመጫ ቡፌው ላይ ይውጣ። የአራት ዓመቷ ለዶሮ ወጡ የተቀቀለው እንቁላል ከቀዘቀዘ በኋላ ትላጠው። ቢቦጫጨርም ምን ይሆናል፣ የራሷን እንቁላል ሳህኗ ላይ ታውቀዋለች። ቄጤማውን ማለዳ አብሮ መበተን ደግሞ ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምወደው የቤት ጌጥ የልጆቹ ሥዕል ነው። ወንዶች ልጆች ለጎረቤትና ለዘመድ የሚያዞሩትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሲሥሉ፣ ከመሐሉ ጥቂቱ ሳሎን ላይ ይለጠፍ። ሴቶቹም አበባየሆሽ ከመውጣታቸው በፊት ቢሥሉ የሚከለክላቸው የለም። የሚለጠፈው በልጆቹ ቁመት ይሁን፤ ቆመው ያዩታል፣ ለእንግዳ ያስረዱበታል። ብልጭ ድርግም የሚሉትንና የሚዘፍኑትን ጌጦች ግን ከመግዛት በፊት ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ የልብስ ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ አላቸው። ይህች ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ ውጧት ይሆናል ብሎ መጠርጠር ብቻውን ወደ ሆስፒታል ለመሮጥ በቂ ነው።

በበዓሉ ቀን ቤቱ ሲሞላ ልጁን ሁሉም ያየዋል ተብሎ ማንም የማያየው ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ በስም ይነገር፦ «አክስቴ፣ ቡናው እስኪያልቅ እሱን አንቺ ያዢልኝ»፣ ከዚያ ተራው ለሌላ ሰው ይተላለፍ። የእንግዶች ቦርሳ ውስጥ የደም ግፊትና የስኳር ክኒን ሊኖር ስለሚችል ወለል ላይ ሳይሆን መኝታ ቤት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። እንግዳው ሲሸኝ ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ፣ ፍሙ ላይ ውኃ ይፍሰስበት፤ አመድ ስር የተዳፈነ ፍም ከሰዓታት በኋላም ያቃጥላል። ቄጤማው በማግስቱ ማለዳ፣ ልጆቹ ሳይነሡ ይጠረግ፤ የቆርኪውም የፈንዲሻውም ትርፍ አብሮት ይወጣል።